ባቡሩ ሄዶ መንገዱ ቀረ

የእንፋሎት ባቡር ከዳገት ጋር አይስማማም። የብረት ጎማ በብረት ሃዲድ ላይ ሲሄድ እንደ ልብ ቆንጥጦ የሚይዘው ነገር ስለሌለ መሬቱ ቀና ማለት ሲጀምር ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፤ የሚጎትተው ጭነትም ወደ ኋላ ይስበዋል። ስለዚህ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ መሐንዲሶች ኮረብታማውን ገጠር ሲያቋርጡ ባቡሩን ከኮረብታው ጋር ከማታገል ኮረብታውን መቁረጥ መረጡ። ጉብታውን ሰነጠቁ፣ ጎድጓዳውን በአፈር ሞሉ፣ ወንዙን በድንጋይ ድልድይ ተሻገሩ፣ ዞረው ማለፍ ያልቻሉትን ተራራ ደግሞ በሱት። ይህ ሁሉ ድካም በመቶ ሜትር ርቀት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሜትር ብቻ ከፍ የሚል መንገድ ለማግኘት ነበር።

ዛሬ ከእነዚህ መንገዶች በብዙዎቹ ላይ ባቡር የለም። ሃዲዱ ተነቅሎ፣ መሬቱ ተደልድሎ፣ አስፋልት ወይም የተጠቀጠቀ አሸዋ ለብሶ ለብስክሌት ተሰጥቷል። ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን መንገድ ቯ ቬርት፣ ማለትም አረንጓዴ መንገድ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2004 በትራፊክ ደንባቸው ውስጥ የገባው ትርጓሜ አጭርና ግልጽ ነው፦ ሞተር ለሌላቸው ተሽከርካሪዎች፣ ለእግረኞችና ለፈረሰኞች ብቻ የተከለለ መንገድ። ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝ ባትሪ ያለው ብስክሌትም እንደ ብስክሌት ስለሚቆጠር ይገባል፤ ሞተር ሳይክል ግን አይገባም። የጭነት መኪና ከኋላ መጥቶ በክላክስ የሚያስደነግጠው ሰው የለም።

ይህ ሁሉ የተተወ ሃዲድ ከየት መጣ ያልን እንደሆነ፣ መልሱ ፖለቲካ ውስጥ ነው። የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር የነበሩት ሻርል ደ ፍሬሲኔ ባቡር የማይደርስበት የወረዳ ከተማ እንዳይኖር ተመኙ። በ1879 የወጣው ሕግም 181 አዳዲስ መስመሮች፣ በድምሩ 8800 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲዘረጉ ፈቀደ። ለጥቂት ሺህ ነዋሪዎች፣ ለወይን በርሜልና ለከብት ገበያ ሲባል ዋሻ ተቆፈረ። በሒሳብ ብቻ ቢታይ ብዙዎቹ ገና ሲወለዱ ከሳሪ ነበሩ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ አውቶቡሱና የጭነት መኪናው ሲበረቱ አንድ በአንድ ተዘጉ። ለገጠሩ ሰው መራራ ነገር ነበር፤ ይህን ሳያነሱ ስለ መንገዱ ውበት ብቻ ማውራት ተገቢ አይመስለኝም።

ለዚህ ሁሉ አርአያ የሆነው በቡርጎኝ፣ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎ ሜትር ነው። በ1997 ሲከፈት በፈረንሳይ የመጀመሪያው ቯ ቬርት ነበር። መንገዱ ከዢቭሪና ከቡክሲ የወይን ተክሎች ይነሳና ነጫጭ ከብቶች በሚግጡባቸው መስኮች አልፎ፣ ከየአገሩ የሚመጡ ወጣቶች ለጸሎት የሚሰበሰቡበትን የቴዜን ኮረብታ ከሥሩ ታክኮ ክሉኒ ይደርሳል። ክሉኒ በ910 የተመሠረተ ገዳም አለባት። የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን የሮማው ቅዱስ ጴጥሮስ እንደገና እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ክርስትና ትልቁ ነበር፤ ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ አብዛኛው ክፍሉ ፈርሶ ድንጋዩ ለሌላ ግንባታ ዋለ።

ከክሉኒ ወደ ደቡብ፣ ወደ ማኮን አቅጣጫ ሲቀጥሉ ቧ ክሌር የሚባል ኮረብታ ይጋረጣል። የድሮው ባቡር ሊወጣው ስላልቻለ 1.6 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተቆፍሮለታል። ብስክሌተኛውም በዚሁ ዋሻ ይገባል። መብራት ቢኖርም በሐምሌ ሙቀት ሳይቀር ጃኬት የሚያስደርብ ቅዝቃዜ አለው። በብርዱ ወራት ግን በሩ ይዘጋል፤ የሌሊት ወፎች ተኝተው የሚያሳልፉበት ስለሆነ መንገደኛው ኮረብታውን በላይ በኩል ይዞራል። የሚገርመው ከፓሪስ ወደ ሊዮን የሚሮጠው ፈጣን ባቡርም ይህንኑ ኮረብታ የሚያልፈው በላይ በኩል ነው። በ1981 የተከፈተው ይህ መስመር አንድም ዋሻ የለውም። የኤሌክትሪክ ጉልበት ስላለው በመቶ ሜትር ሦስት ሜትር ተኩል የሚነሳ ዳገት አያስፈራውም። ዋሻው ያስፈለገው ለአቅመ ደካማው ባቡር ነበር፤ ምቾቱን ደግሞ ከባቡሮች ሁሉ ደካማ የሆነው ባለ ሁለት እግር ሞተር ወረሰው።

ነገር ግን አረንጓዴው መንገድ ሁልጊዜ አያስደስትም። መሐንዲሱ ጉብታውን ሰንጥቆ ባለፈበት ቦታ ሁሉ ግራና ቀኙ የአፈር ግድግዳና ቁጥቋጦ ስለሚሆን፣ አገር አያለሁ ብሎ የመጣ ሰው ሰዓት ሙሉ ቅጠል ሲያይ ሊውል ይችላል። ቀጥ ያለው ረጅም ክፍል ያሰለቻል። በዚያ ላይ ጣቢያዎቹ የተሠሩት ለባቡሩ እንዲመቹ ሸለቆው ውስጥ ሲሆን፣ መንደሮቹ ግን በጥንቱ ልማድ ኮረብታው ጫፍ ላይ ናቸው። ስለዚህ ዳቦ የፈለገ ሰው ያመለጠውን ዳገት መልሶ ያገኘዋል።

ልምድ ያላቸው ተጓዦች ለዚህ መላ አላቸው። ቯ ቬርቱን እንደ ግንድ ይዘው እየወጡ እየገቡ በገጠር አስፋልት ይጓዛሉ። ፈረንሳይ ከአንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አላት፤ ከዚህ የሚበዛው ከእርሻ እርሻ፣ ከመንደር መንደር የሚያገናኝ ጠባብ አስፋልት ነው። በሚሽለን ካርታ ላይ እነዚህ መንገዶች በነጭ ቀለም ይታያሉ፤ ዳር ዳሩን አረንጓዴ መስመር ከተሰመረበት መልክአ ምድሩ ያምራል ማለት ነው። በመንገዱ ላይ የተሳለችው ቀስት ግን ችላ አትባልም። አንዷ ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለቱ ከ9 እስከ 13 በመቶ፣ ሦስቱ ከዚያ በላይ የሆነ ዳገት ያመለክታሉ፤ ጫፋቸውም የሚያሳየው ወደ መውጫው ነው። ሻንጣ የጫነ ሰው ሦስት ቀስት ሲያይ መንገድ ቢቀይር አያሳፍረውም።

በነገራችን ላይ ፈረንሳይ ስለ ብስክሌትና ዳገት ስታስብ ሁለት ዓይነት ልብ አላት። አንደኛው በ1903 የተጀመረው የቱር ደ ፍራንስ ልብ ነው፤ ለእርሱ ዳገት የጀግና መፈተኛ ነው። ሁለተኛው ከሳንቴቲየን ከተማ የመጣ ነው። ቬሎሲዮ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ፖል ደ ቪቪ (1853–1930) ለ ሲክሊስት የተባለውን መጽሔት እያዘጋጀ፣ ብስክሌት አገር ማያ ነው፣ ተራ ሰውም ተራራ መውጣት ይችላል እያለ ሰበከ። ለዚህ ደግሞ ማርሽ መቀያየር ያስፈልጋል አለ፤ ራሱም ይሞክር ነበር። የቱር አዘጋጆች በበኩላቸው የማርሽ መቀያየሪያን እስከ 1937 አልፈቀዱም። ዛሬ በእነዚህ መንገዶች ላይ ከፊት ትንሽ፣ ከኋላ ትልቅ ማርሽ አስገብቶ ቀስ እያለ የሚወጣውን ጡረተኛ ሳይ፣ ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ ለእኔ ግልጽ ነው።

ለጉዞው የሚያስፈልገው እውቀት ብዙ አይደለም። በገጠር ሱቅ ከቀትር በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ይዘጋል፣ ብዙ ዳቦ ቤቶችም ሰኞ አይከፍቱም፤ ስለዚህ ምሳን ጠዋት መግዛት ነው። ውኃ ያለቀበት ሰው ወደ መንደሩ መቃብር ይሂድ፤ አበባ ለሚያጠጡ ዘመዶች ተብሎ ቧንቧ አይታጣም፣ «ለመጠጥ የማይሆን» የሚል ጽሑፍ አለመለጠፉን ማየት ብቻ ነው። አኬይ ቬሎ የሚል ምልክት የለጠፈ ማረፊያ ከመንገዱ ከ5 ኪሎ ሜትር ያልራቀ፣ ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታና የመጠገኛ ዕቃ ያለው ነው።

አንድ መንገድ ብቻ ምረጥ ብባል የአርዴሽን ዶልቼ ቪያ እመርጣለሁ። የቪቫሬ ባቡር ይሄድበት የነበረ፣ ወደ 90 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የተጠቀጠቀ አሸዋ ነው። ሃዲዱ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከነበረው ከእኛው የፈረንሳይ ባቡር ጋር እኩል፣ አንድ ሜትር ስፋት ነበረው። ሰፊ ሃዲድ ሸለቆውን ተከትሎ እንደ ልብ መጠምዘዝ አይችልም፣ ጠባቡ ግን በገደሉ ወገብ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ለዚህም ነው ዶልቼ ቪያ እንደ ሌሎቹ የማያሰለቸው፤ በየኩርባው ሌላ እይታ አለ። መስመሩ በ1968 ተዘጋ። ከላማስትር ወደ ቱርኖን በሚወስደው ሸለቆ ግን ቱሪስት የሚጭን የእንፋሎት ባቡር ዛሬም ያጨሳል።

ዶልቼ ቪያ በሮን ወንዝ ዳር ከላ ቩልት ይነሳና የኤሪዬን ወንዝ ተከትሎ ለ ሼላር ይደርሳል። እዚያ ሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ላማስትር፣ ሌላው ወደ ሳንታግሬቭ። ሳንታግሬቭ ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከሮን ዳር ወደ 900 ሜትር ተወጥቶ ማለት ነው፣ አብዛኛው ሳይታወቅ። ብዙዎች ከላይ ጀምረው መውረዱን ይመርጣሉ። እኔ ከታች መጀመርን አስቀድማለሁ። በሸለቆው የኮክ ማሳ አለ፣ ቀጥሎ ገበሬዎች በእርከን የተከሉት የቼስትነት ዛፍ ይመጣል፣ ከዚያ ደጋው ላይ ጥድ። በቁልቁለት የሚከንፍ ሰው ይህንን ሁሉ በአንድ ጠዋት አልፎት ይሄዳል። ቀስ ብሎ የወጣው ግን እያንዳንዱን በተራው ያየዋል፣ መመለሻውም ቁልቁለት ነው።