ጫት በቤተ ሙከራ፦ ከፈረስ መጋላ እስከ ጄኔቫ

ሐረር ከተማ፣ ፈረስ መጋላ ላይ ጫት የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት የቅጠሉን ትኩስነት ይመለከታል። ሻጮችም እሽጉን በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው፣ ውሃ ረጨት አድርገው ያቆዩታል፤ አድሮ የጠወለገ ጫት ሐራራ አያወጣም። ይህን የገበያ ዕውቀት ሳይንስ ቁም ነገር ብሎ እስኪይዘው ድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

እ.ኤ.አ. በ1887 ፍሉኪገርና ጌሮክ የተባሉ ኬሚስቶች ከቅጠሉ አንድ አልካሎይድ አውጥተው «ካቲን» አሉት። በ1930 ቮልፌስ የካቲንን ምንነት ለየ፤ በኬሚካል ቤተሰቡ ከአምፌታሚን ብዙም አይርቅም። በ1935 ጉዳዩ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ቀረበ። ነገሩ ግን በእንጥልጥል ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ ጥያቄውን የተባበሩት መንግሥታትና የዓለም ጤና ድርጅት ወረሱት። በ1961 ደግሞ አምፌታሚን በሰው ላይ የሚያደርገውን ለዓለም ያስተዋወቀው ጎርደን አሌስ ከባልደረቦቹ ጋር ጫትን መርምሮ፣ አነቃቂው ካቲን ነው ሲል ጻፈ።

ነገሩ ግን አልገጠመም። ካቲን ደካማ ነው፤ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያውቀውን ምርቃና፣ ያንን ወሬ የሚያስረዝም ንቃትና ያንን እንቅልፍ የሚነሳ ሌሊት፣ በካቲን ብቻ ማብራራት አይቻልም። ጥፋቱ ናሙናው ላይ ነበር። ተመራማሪዎቹ የመረመሩት ባብዛኛው ደርቆ የደረሰ ቅጠል ነው።

በ1973 ኢትዮጵያዊው አማረ ጌታሁን ከአብርሃም ክሪኮሪያን ጋር ስለ ሐረር ጫት «የቡና ተቀናቃኝ» በሚል ርዕስ ሁለት ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ፤ አንዱ ስለ አዝመራውና አጠቃቀሙ፣ ሌላው ስለ ኬሚካል ይዘቱ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1975፣ ያኔ ጄኔቫ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከትኩስ ቅጠል «ካቲኖን»ን ለየ። ቁልፉ ይሄ ሆነ። ካቲኖን የሚበዛው በለጋው ቀንበጥ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ሲጎለምስና ሲደርቅ ወደ ካቲን ይለወጣል። ቀንበጡ ለምን እንደሚወደድ፣ ከአወዳይ የጫት ገበያ የሚነሱት መኪኖችስ ለምን እንደሚከንፉ ኬሚስትሪው በዚህ መልሷል። ቀጥሎም የጄኔቫው ፒተር ካሊክስ ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ከአንጎል ሴሎች ዶፓሚን እንደሚያስለቅቅ አሳየ። በ1986 ካቲኖን በዓለም አቀፉ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ንጥረ ነገሮች ተራ ገባ። ተክሉ ግን አልገባም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም በ2006 እንዲገባ አልመከረም። ሆላንድ በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 ግን በየራሳቸው ሕግ ከልክለውታል።

በእኔ እይታ የዛሬው ከባድ ጥያቄ ሱስ ብቻ አይደለም፤ ጉበትም ነው። በሐረርጌ ሐኪሞች ምክንያቱ ያልታወቀ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ደጋግሞ ያጋጥማቸው ነበር። ከፊሎቹ ሕሙማን ሔፓታይተስ ቢ ቢገኝባቸውም፣ ብዙዎቹ ግን የታወቀ ምክንያት አልነበራቸውም። በሐረር ከተማ በጀጎልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት 150 ሕሙማንን ከ300 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጸረ። ብዙ በቃሙ ወንዶች ላይ አደጋው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ መጠኑ ሲጨምርም አደጋው ጨመረ። እንዲህ ያለ ጥናት ግን ተያያዥነትን እንጂ ጉበቱ እንዴት እንደተጎዳ አያሳይም። ቅጠሉ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይም አብሮ መጠርጠሩ አይቀርም፤ በሀገራችን ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት ያገኙ ምርመራዎች አሉና። የ2018ቱ ጥናት አጥኚዎች «የጫት ዓመት» የሚባል መለኪያ ተጠቅመዋል፤ በየቀኑ የሚቃመው መጠን ከቆየበት ዘመን ጋር የሚሰላበት ነው። ሕመምተኛውን «ትቅማለህ?» ከማለት ይልቅ «በቀን ስንት፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ?» ብሎ መጠየቅ ማለት ነው።