መድኃኒቱ ሲያስርብ

አንድ መድኃኒት በሽታን የሚያስታግስበት መንገድ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የሚያደርስበትም መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት የጀመረውን ክሎርፕሮማዚንን እንመልከት። ይህ መድኃኒት ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ተቀባዮች በመዝጋት በሽተኛውን ከሌለ ድምፅና መሠረት ከሌለው ጥርጣሬ ያሳርፋል። ይሁን እንጂ ዶፓሚን የሰውነትን እንቅስቃሴም ስለሚመራ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገተርና መቁነጥነጥ ሊከተሉ ይችላሉ። የሂስታሚንንም ተቀባዮች ስለሚዘጋ እንቅልፍ ይጫጫናል፤ የምግብ ፍላጎትም ይጨምራል።

ታዲያ እነዚህ የጎንዮሽ ጉዳቶች በምን ይታወቃሉ? ከፊሎቹ በመሣሪያ ይለካሉ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን ይመረመራል፤ ፈዋሹና መርዛማው መጠን ተቀራራቢ ናቸውና። ክሎዛፒንም እ.ኤ.አ. በ1975 በፊንላንድ ነጭ የደም ሕዋሳትን አመናምኖ ሕሙማንን ለሞት በማድረሱ፣ ዛሬ የሚታዘዘው ከደም ምርመራ ጋር ነው።

በቤተ ሙከራ የማይታይ ጉዳት ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በቡታጅራ የተካሄደ ጥናት ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን ስለምን እንደሚያቋርጡ ጠይቆ ነበር። ከተሰጡት መልሶች አንዱ፣ መድኃኒቱ የሚቀሰቅሰውን ረኃብ የሚያስታግስ በቂ ምግብ አለመኖሩ ነው። በበለጸጉት አገሮች ሐኪሙን የሚያሠጋው የዚሁ ጠባይ ሌላ ገጽ፣ ውፍረትና የስኳር በሽታ ነው።

ይህን ግኝት ይዘን ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ ጉንደ ወይን እናቅና። በዙሪያው ባሉት የገበሬ መንደሮች ክረምት ጎተራ የሚሳሳበት ወቅት ነው፤ በነሐሴም የፍልሰታ ጾም ይገባል። ውሎ እህል የሚቀምሰው ጿሚ ክኒኑን የሚውጠው መቼ ነው? ረኃቡ ጠንቶበት መድኃኒቱን የተወ ሰውስ «እምቢተኛ» ተብሎ ቢመዘገብ ፍርዱ ትክክል ነውን?

እንግዲህ ክትትል ከጥያቄ ይጀምራል ማለታችን ነው። በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ? ክኒኑን መቼ ይውጣሉ? ከዋጡ በኋላ ምን ይሰማዎታል? ለእነዚህ ማይክሮስኮፕ አያሻም። ሐኪሙ ከመልሱ ተነሥቶ መጠኑን ሊቀንስ፣ ሰዓቱን ወደ ማታ ሊያዛውር ወይም መድኃኒቱን ሊለውጥ ይችላል፤ በገዛ ፈቃድ በድንገት ማቋረጥ ግን ሕመሙ እንዲያገረሽ ያደርጋል። የታየውን ጉዳት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማሳወቅም ከአንድ በሽተኛ የተገኘው ትምህርት ለሌሎች እንዲተርፍ ያደርጋል።

ነገ ነጭ ካፖርት የምትለብሱ አንባብያን ሆይ፣ የተቀባዮቹን ስም ስታጠኑ፣ ስለ በሽተኛው ጎተራ መጠየቅንም አብራችሁ አጥኑ።