ክር የሌለው ክራር

የመጀመሪያ ክራሬን የያዝኩት ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ነው። «ክራሬን» ስል የኔ አልነበረም፤ የመንግሥት ትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ነው። አራት ክራር፣ ሁለት ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮ፣ ሠላሳ ልጅ። ተራ ይዘን፣ ተጋፍተን ነው ትዝታን ከባቲ የለየነው።

ባለፈው ወር የታናሽ እህቴን ካርድ ልቀበል እዚያው ሄድኩ። የክበቡ ክፍል የተሰበረ ዴስክ ተከምሮበታል። ክራሮቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ክር ግን የላቸውም። ርዕሰ መምህሩን ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘው የክበብ ነው። ጠመኔ ልግዛ ወይስ ክር?» አሉኝ። እውነት ለመናገር መልስ አጣሁ።

መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ስልካችን ላይ ከፍተን «ወይ ድሮ!» የምንልለት ሙዚቃ ከየት መጣ? በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ባንድ ሰምተው ወደዱት፤ አርባዎቹ ልጆች አዲስ አበባ መጥተው የመንግሥት ባንድ ሆኑ። ኋላ ክቡር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ጦር ሠራዊቱ የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ጥላሁን ገሠሠም ማህሙድ አህመድም በክቡር ዘበኛ ነው ያለፉት። መሣሪያውንም ደመወዙንም የሚከፍለው መንግሥት ነበር።

«ተሰጥኦ ያለው ራሱ ይወጣል፣ ዩቲዩብ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። እኔም ከዩቲዩብ ብዙ ተምሬያለሁ። ግን ቪዲዮ ጣትህን ይዞ አያስተካክልም፤ ክራርም አይሰጥህም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልግባ ያለ ልጅ የተሰጥኦ ፈተና ይጠብቀዋል። ወላጆቹ የግል አስተማሪ የቀጠሩለትና መሣሪያ ነክቶ የማያውቀው እዚያ እኩል ይቆማሉ? በቃ፣ ክበቡ ሲዘጋ የሚቀረው የደሃ ልጅ ነው።

እህቴ «የክወናና እይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት አላት። ማታ ደብተሯን ሳይ ክራር ሥላለች፤ አሳምራዋለች። ክር ግን የለውም።

«ክሩስ?» አልኳት።

«ትምህርት ቤት ያለው እኮ ክር የለውም!» አለችኝ፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ሁሉ።

ቅዳሜ ክር ገዝቼ እሄዳለሁ። የአንድ ክራር ክር ከኪሴ ይወጣል። የሠላሳ ልጅ ግን የበጀት ጉዳይ ነው። እናንተም የተማራችሁበት ትምህርት ቤት ጎራ በሉ፤ የሙዚቃ ክፍሉን አስከፍታችሁ እዩት።