በእርግዝና ጊዜ ስኳርና ደም ግፊት፦ አንዱ ከተገኘ ሌላውም ይመርመር

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ሲወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል። በዚያ አካባቢ ነፍሰ ጡር ሴት እግሯ ሲያብጥ «ሙቀቱ ነው»፣ ራሷን ሲያማት ደግሞ «ምች ነው» ወይም «ወባ ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን በእርግዝና የመጣ የደም ግፊት ነው። የስኳር ሕመም ላለባት እናት ደግሞ ይህ ስጋት ከሌሎች ከፍ ያለ ነው።

ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል?

ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ሰውነታችን ሴሎች የሚያስገባ ሆርሞን ነው። እርግዝናው ሲገፋ ከእንግዴ ልጅ የሚመነጩ ሆርሞኖች ሥራውን ያዳክሙታል። ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን ማመንጨት ካቃተው ስኳሩ በደም ውስጥ ይበዛል፤ የእርግዝና ስኳር የምንለው ይህን ነው።

የስኳሩ መብዛት የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል። የተጎዳ የደም ሥር እንደ ልብ አይሰፋም፤ ግፊቱ ይጨምራል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቱ ተደጋግሞ ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና በሽንት ፕሮቲን ከታየ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ካልታከመ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያስከትል፣ እናትንም ልጅንም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ይህ ሲባል ግን ስኳር ያለባት ሁሉ ግፊት ይይዛታል ማለት አይደለም።

መቼ ይመርመሩ?

ሁለቱም ሲጀምሩ ላይሰሙ ይችላሉ። ስለዚህ በየክትትሉ ግፊትዎን ያስለኩ፣ ሽንትዎን ያስመርምሩ። የስኳር ምርመራ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ይደረጋል። ውፍረት ካለዎት፣ በቤተሰብ ስኳር ካለ ወይም ከዚህ በፊት ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ ከወለዱ ቀደም ብለው ይጠይቁ።

ቤት ውስጥ

ለስላሳ መጠጥ፣ ጭማቂና ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀንሱ። እንጀራውን መተው አያስፈልግም፤ መጠኑን ቀነስ፣ ጎመኑንና ምስሩን ጨመር ያድርጉ። የሌላ ሰው የግፊት መድኃኒት አይውሰዱ፤ ለምሳሌ ኢናላፕሪል ጽንሱን ይጎዳል። እርስዎ ራስዎ ሲወስዱት የነበረ ከሆነ በሌላ እንዲቀየርልዎ ፈጥነው ሐኪም ያነጋግሩ።

ሌሊትም ቢሆን የማይቆይ

• ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ
• ከጎድን አጥንት በታች የሚሰማ የላይኛው ሆድ ሕመም
• የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር
• የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ

ባል፣ እናት፣ አማት፦ ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ዳማከሴ እየጨመቃችሁ አትጠብቁ። መኪና ፈልጉና በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ካንቀጠቀጣት በግራ ጎኗ አስተኟት፤ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪትም አታሽትቷት።

ከወለዱ በኋላ

ግፊቱ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታትም ሊነሳ ስለሚችል ምልክቶቹን አይርሱ። የእርግዝና ስኳር የነበረብዎ ከሆነ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ስኳርዎን እንደገና ያስመርምሩ። ልጅዎን ለክትባት ሲወስዱ የእርስዎንም ግፊትና ስኳር እንዲያዩልዎ ይጠይቁ።