ቁመቷን ያላደነቀ አልነበረም

ፍሎ ሃይማን አሜሪካዊት የመረብ ኳስ ተጫዋች ነበረች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ96 ሴንቲ ሜትር፤ ዘልላ ከመረቡ በላይ የመታችውን ኳስ መመለስ ጭንቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ከቡድኗ ጋር የብር ሜዳሊያ አገኘች። ጃንዋሪ 24 ቀን 1986 በጃፓኗ ማትሱዬ ከተማ ለክለቧ ስትጫወት ተቀይራ ወጣች፤ ተጠባባቂዎች ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ተዝለፍልፋ ወደቀች፣ በዚያው አረፈች። ገና 31 ዓመቷ ነበር።

መጀመሪያ ልቧ ነው ተባለ። አስከሬኗ ሲመረመር ግን ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ተቀዶ ተገኘ። መንስኤው ማርፋን ሲንድረም ነው፤ አብሯት የተወለደ፣ በሕይወት ሳለች ግን ማንም ያላወቀላት ሕመም።

ታዲያ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ተደበቀ? ሰውነታችን ውስጥ ፋይብሪሊን የሚባል ፕሮቲን አለ። ለጭቃ ቤት ማገር እንደሆነው ሁሉ፣ እሱም ሥጋን፣ ጅማትንና የደም ሥርን አያይዞ ያቆማል። የሚሠራበትን መመሪያ የያዘው ዘረመል ክሮሞዞም 15 ላይ ነው፤ ከተበላሸ የማይነካው ቦታ ጥቂት ነው። አጥንት ከልክ በላይ ይረዝማል፣ ጀርባ ይጣመማል፣ የዓይን ሌንስ ከቦታው ይንሸራተታል፣ አኦርታ ቀስ እያለ ይሰፋል።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ዓይኑ የደከመው መነጽር ይታዘዝለታል፣ ጀርባው የጎበጠው አጥንት ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፣ እግሩ ጠፍጣፋ የሆነው ጫማ ይቀይራል። ሁሉም የየድርሻውን ያክማል፤ ምልክቶቹን አንድ ላይ የሚደምር ይጠፋል። ስፖርተኛ ሲሆን ደግሞ ቁመቱ ይጨበጨብለታል እንጂ ማን ሕመም ብሎ ይጠረጥራል? የሚሰፋው አኦርታም እስኪቀደድ ድረስ ብዙ ጊዜ አያምም።

«ቤተሰብ ውስጥ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄም ሁልጊዜ አያድንም። ከ5,000 ሰው አንዱ ገደማ ማርፋን አለበት፤ ከአራት ታማሚ አንዱ ላይ ለውጡ እንደ አዲስ የተፈጠረ ነው፣ ከወላጅ የመጣ አይደለም። ከእሱ በኋላ ግን እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው።

እስቲ እጃችሁን አንሡ። አውራ ጣታችሁን መዳፋችሁ ላይ አጥፉና በአራቱ ጣቶች ጨብጡት። የአውራ ጣቱ ጥፍር በሙሉ በትንሿ ጣት በኩል አልፎ ይወጣል? አሁን ደግሞ በአንዱ እጅ አውራና ትንሽ ጣት የሌላውን እጅ አንጓ ክበቡ፤ ጣቶቹ ይደራረባሉ? ይህ ብቻውን ማርፋን አያሰኝም፤ ሐኪም ግን ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር የሚደምረው ነገር ነው።

ከታወቀ ብዙ ይደረጋል። የልብ አልትራሳውንድ የአኦርታውን ስፋት በየጊዜው ይለካል፣ በአኦርታው ላይ ያለውን ጫና የሚቀንስ መድኃኒት ይሰጣል፣ ከባድ ክብደት ማንሣት ይከለከላል። ስፋቱ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ፣ ሳይቀደድ በፊት በቀዶ ሕክምና ይጠገናል።

የፍሎ ወንድም የተረፈው በዚህ መንገድ ነው። ከሞቷ በኋላ ሲመረመር ሕመሙ እሱም ላይ ተገኘና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ስለዚህ በዘመዶቻችሁ መካከል ቁመተ ረጅም የነበረና በጎልማሳነቱ «ድንገት ሞተ» የተባለ ሰው ካለ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት።