ስልክዎ ውስጥ ያለው መጽሐፍ ለምን አልነበብ አለ?

ከአዳማ ወደ ሞጆ ወይም ወደ ባቱ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ስልክ ያልያዘ ተሳፋሪ ማግኘት ይከብዳል። በብዙዎቻችን ስልክ ውስጥ ደግሞ በቴሌግራም የተላኩልን፣ «በኋላ አነበዋለሁ» ብለን ያስቀመጥናቸው መጻሕፍት አሉ። ከፍተን ግን ሁለት ገጽ ሳንጨርስ እንተዋቸዋለን። ፊደሉ ያንሳል፤ በጣት ሲያሰፉት መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ዓይን ይደክማል። ልጅ በዚህ መልክ ከመጽሐፍ ጋር ከተዋወቀ ንባብን ቢጠላ አይገርምም። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የፋይሉ ዓይነት ነው።

ፒዲኤፍ ወይስ ኢፐብ?

ፒዲኤፍ የተሠራው ገጹ ልክ በወረቀት ላይ እንደሚታተመው ሆኖ እንዲቆይ ነው። ለትልቅ ወረቀት የተዘጋጀ ገጽ ስልክ ላይ ተጨምቆ የሚታየው ለዚህ ነው። ኢፐብ ግን ጽሑፉን በስክሪኑ ስፋት ልክ ያስተካክላል። ለእናትዎ ፊደሉን ማተለቅ፣ ለማታ ንባብ ጀርባውን ማጥቆር ይችላሉ።

ከመቀየርዎ በፊት

ፋይሉን ከፍተው አንድ ቃል ላይ ጣትዎን ጫን አድርገው ያቆዩ። ከሦስት ነገሮች አንዱ ያጋጥምዎታል።

*ቃሉ ተመርጦ ኮፒ ሲደረግ በትክክል ከተነበበ፦* ካሊበር በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ ኢፐብ ይቀይሩት። የዎርድ ፋይሉ ካለ ከእሱ ቢቀይሩ ይሻላል፤ ከፒዲኤፍ ሲቀየር መስመሮች ሊቆራረጡ ይችላሉ።

*የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ከወጣ፦* መጽሐፉ በድሮ የግዕዝ ፎንት ተተይቧል። ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት ዩኒኮድ ውስጥ ፊደላችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የድሮዎቹ ፎንቶች ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት አገልግለዋል። ስለዚህ ጽሑፉ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። በቁቤ የተጻፉ የአፋን ኦሮሞ መጻሕፍት ይህ ችግር የለባቸውም።

*ቃሉ ጨርሶ ካልተመረጠ፦* ገጹ ፎቶ ነው። እንደ ቴሰራክት ያሉ አማርኛን ከምስል የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ተመሳሳይ ፊደላትን ስለሚያምታቱ ግን እርማት ይፈልጋሉ። ለአንድ መጽሐፍ ይህን ያህል ካልደከሙ ስልኩን አግድም አዙረው ማንበብ ይቀላል።

ደራሲውንም እናስብ

በገበያ ሥራ ውስጥ ያለን ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን፦ ገዢ ያጣ ምርት ነገ አይመረትም። መጽሐፍም እንዲሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይህን ጊዜ አልፏል። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና ጥበቃ ላይ ነው። የተቃኘ ቅጂ ሲደርስዎ ወደ ቡድን ከመበተንዎ በፊት ይህን ያስቡ።

በዚህ ሳምንት ከስልክዎ አንድ መጽሐፍ ይምረጡ፤ በጣትዎ ይፈትሹት፤ ካስፈለገም ይቀይሩት። ከዚያ ፊደሉን አተልቀው ማታ ለቤተሰቡ አንድ ምዕራፍ ያንብቡ። ልጆቹ ከወደዱት የታተመውን ይግዙላቸው።