ቀን ያለው አድራሻ

አውስትራሊያ በየዓመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትንቀሳቀሳለች። ከተማውም፣ እርሻውም፣ አጥሩም አብሮ ስለሚሄድ ነዋሪው ምንም አይታወቀውም። ጂፒኤስ ግን የሚለካው ከምድር እምብርት ተነሥቶ ስለሆነ ጉዞው አያመልጠውም። የአገሪቱ ካርታ እ.ኤ.አ. በ1994 መግቢያ በነበረችበት ቦታ ቆሞ ቀርቶ ነበርና፣ 2020 ሲደርስ በካርታውና በሳተላይቱ መካከል 1.8 ሜትር ያህል ልዩነት ተፈጥሯል። መንገድ ለጠፋበት ሰው ይህ ከቁም ነገር አይገባም። በሳተላይት እየተመራ በተክል መደዳዎች መካከል ለሚያልፍ ትራክተር ግን ቡቃያውን መርገጥ ማለት ነው።

አውስትራሊያውያን በመጀመሪያ የካርታውን መነሻ ወደ 2020 አሻገሩት። ከዚያ ጎን ለጎን፣ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝን ሌላ ዘዴ አበጁ፤ እያንዳንዱን ነጥብ ከነቀኑ መመዝገብ። መሠረቱ አይቲአርኤፍ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ማመሳከሪያ ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ የመለኪያ ጣቢያ ሦስት የቦታ ቁጥሮች፣ ሦስት የፍጥነት ቁጥሮችና አንድ ቀን አሉት። ቀኑ በአስርዮሽ ይጻፋል፤ 2020.5 ቢል የ2020 አጋማሽ ነው። በዚያ ቀን የተለካ የአውስትራሊያ ነጥብ ለ2024.5 ሲፈለግ የአራት ዓመቱ ጉዞ፣ 28 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ይታሰብለታል።

ወደ እኛ ሲመጣ ሒሳቡ ይከብዳል። አውስትራሊያ እንዳለች በአንድነት ትጓዛለች፤ ኢትዮጵያን ግን ስምጥ ሸለቆ ይከፍላታል። አዲስ አበባ በኑቢያ፣ ሐረር በሶማሊያ ቴክቶኒክ ፕሌት ላይ ናቸው፤ በየዓመቱም በጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ስለዚህ ለመላው አገር አንድ ፍጥነት አይበቃም። የይዞታ ወሰንም ሆነ የግድብ ምልክት ሲመዘገብ፣ ከቁጥሩ አጠገብ የማመሳከሪያው ስምና የተለካበት ቀን ካልሰፈረ ኋላ ለሚመጣው ቀያሽ ችግር ነው።

አፋር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ ቅልጥ ዐለት 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ፣ መሬቱን በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር አራራቀው። እንዲህ ያለውን ዝላይ ዓመታዊ ፍጥነት አይገልጸውም። ከዚያ በፊት የተለካ ነጥብ ዛሬ እንዲያገለግል የዝላዩ መጠን ከነቀኑ ለብቻው ስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ላሉት ነጥቦችም አቅጣጫው ተቃራኒ ነው።